አዲሱ ሾርባ በእኔ ላይ ተሞከረ

አንቺ ቆቅ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ትናንት አዲስ ሾርባ ሠራች። ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ ለእኔ ብቻ አንድ ሳህን አቀረበችና ወገቧን ይዛ ፊቴን ታጠና ጀመረች። ሌላው ሁሉ የለመደውን ሾርባ ይጠጣል። ፊቴን ቋጠር ባደርግ ድስቱ ወደ ጓዳ ሊመለስ ነው።

የእኛ አለቃ ግን መተግበሪያችን ላይ አዲስ ነገር በሠራን ቁጥር ዓርብ ከሰዓት ለደንበኛው ሁሉ በአንዴ ያስለቅቀንና ስልኩን አጥፍቶ እብስ ይላል። መተግበሪያው ሲበላሽ ስድቡን የምንጠግበው እኔና አንቺ ነን።

«ምነው እኔን መረጡኝ?» ብላት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ «አንተ ነገ ትሄዳለህ፤ እነሱ ግን ደንበኞቼ ናቸው» አትለኝም መሰለሽ!

ስለዚህ አደራ፣ አዲሱን የክፍያ ገጽ ዓርብ ለሁሉም እንዳትለቂው። አለቃችን ቢቆጣም ይቆጣ። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ብቻ ክፈቺለት። ተናዶ ጥሎን ቢሄድ የማይቆጨን ደንበኛ ፈልጊ፤ ከታጣ አለቃችን አለልሽ።

የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ የቢሮውን ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ። ሆዴ እስካሁን ዝም ብሏል።

ጓደኛሽ ቀማሹ