ፋቲሃ የተቀራበት ግምት

ግንቦት 4፣ ጠዋት 1፡30

መብራት መጥቷል። መጀመሪያ ስልኬን ሰካሁ፣ ከዚያ አባዬን አገላበጥኩ። ቅደም ተከተሉ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ደብተሬ። ግን መብራት አይጠብቅም፤ አባዬ ይጠብቃል።

አጥሚት ሰጠሁት። በግራ ዋጠ፣ በቀኝ ፈሰሰ። ከጥር ወዲህ እንዲህ ነን። ቀኝ እጁና ምላሱ በአንድ ሌሊት ሄዱ። ሲፈልገን በግራ እጁ የቆርቆሮ ኩባያውን ከግድግዳ ጋር ይመታል። እማዬ ለጠያቂ ሁሉ እግሩን ነው ያመመው፣ ሐኪሙ ብዙ አታውራ ብሎታል ትላለች። የቆቦ ሰውም አምኗታል። ወይም ያመነ መስሏል።

ዛሬ ሁለት ግምት አለብኝ። አንድ ሱቅ፣ አንድ ሽንት ቤት። ሰዉ የሚያውቀው አባዬ፣ ግንበኛው እንድሪስ፣ ተኝቶ ሒሳቡን እንደሚያስብና እኔ ልጁ እንደምጽፍለት ነው። የሚያስበው ግን ስልኩ ነው። ኤአይ። እኔ "መሐንዲሱ" ነው የምለው። ርዝመት፣ ስፋት፣ የግድግዳ ዓይነት እነግረዋለሁ፤ ድንጋዩን፣ ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ የሰው ቀኑን ሳይቀር ዘርዝሮ ያመጣል። ቴክኒክና ሙያ ሦስት ዓመት ድራፍቲንግ ተምሬ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅብኝን እሱ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። "ወንድሜ" ይለኛል። አላረምኩትም።

ከዚያ በአባዬ አጻጻፍ እገለብጣለሁ። አንድ ገጽ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከላይ ቢስሚላህ፣ ከታች ስሙ። እጄ ለምዶታል። አንዳንዴ የራሴን ፊርማ የረሳሁ ይመስለኛል።

ግንቦት 6፣ ከሰዓት

ጋሽ መሐመድ ኑር የሚባል ሰው መጣ። ከዋጃ በታች ነው አገሩ። ባለፈው ዓመት ጎርፍ ከደጋው ወርዶ የጭቃ ቤቱን ጠርጎ ወስዶበታል። ሰባት ነፍስ ሸራ ሥር ነው የከረሙት። ሁለት ግመሎቹን ሸጧል፤ ሌላ የሚሸጥ የለውም። ሐምሌ ሳይገባ፣ ጎርፉ ሳይመለስ፣ የድንጋይ መሠረት ያለው ሁለት ክፍል ይፈልጋል።

የቤቱን ልክ በገመድ ቋጥሮ ይዞ መጥቷል። ስምንት በስድስት። ገመዱን ግቢያችን ውስጥ ዘርግቶ በሩ በዚህ፣ መስኮቱ በዚያ እያለ ሲያሳየኝ ልጅ መሰለ። አባዬ ከሆነ ያሰበው እንቅልፍ እተኛለሁ አለኝ። የእኔን እንቅልፍ ማን ይተኛልኝ?

ያው ቀን፣ ማታ

መሐንዲሱ ጠየቀኝ፤ አፈሩ ምን ዓይነት ነው?

ደብተሬ፣ ይህን ካንተ በቀር ለማንም አልናገርም። አላየሁትም። አባዬ ቦታውን ሳይረግጥ ግምት ሰጥቶ አያውቅም። እስከ ጉልበቱ ያስቆፍራል፤ ከታች አንድ እፍኝ ያወጣል፣ ውሃ ጠብ ያደርግበታል፣ በመዳፉ አሽቶ እንደ ክር ያወጣዋል፣ ከዚያ ጣቱ ላይ እንደ ቀለበት ያስረዋል። ከተበጣጠሰ ደህና መሬት ነው። ሳይቆረጥ ከተጠመጠመ ዋልካ ነው፤ ዋልካ በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል፣ የተጫነበትን ቤት ያፈርሳል። ልጅ ሆኜ ስንት የጭቃ ቀለበት አድርጎልኛል! ለእኔ ጌጥ ነበር።

ዋጃ ድረስ ሄጄ እኔ ባስቆፍር አባቷ ለካ ሳያይ ነው የሚገምተው ይባላል። ሚኒባሱም አለ፣ ፀሐዩም አለ። እውነቱን ልጻፍ። ሰነፍኩም። "መደበኛ" ብዬ መለስኩለት።

ስድሳ ሴ.ሜ ቁፋሮ፣ አራት ቢያጆ፣ ማለት አራት መኪና ሙሉ፣ ድንጋይ ብሎ መለሰልኝ። ከሥር ደግሞ ማሳሰቢያ ጨመረ፤ ይህ ግምት አፈሩ ጠንካራ ነው ተብሎ የተሠራ ነው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቦታው ተቆፍሮ ይታይ።

ስገለብጥ ያንን መስመር ተውኩት። የአባዬ ወረቀት ማሳሰቢያ ኖሮት አያውቅም። አይቶ ነዋ የሚጽፈው።

ግንቦት 8፣ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ

የግምቱ ርክክብ ነበር። ጋ/መ.ኑር ሼህ ሁሴንንና አንድ ሌላ ሽማግሌ ይዞ መጣ። ይህ የአባዬ ደንብ ነው። ግምቱ በሽማግሌ ፊት ይነበባል፣ ፋቲሃ ይቀራበታል፣ ከዚያ ወዲያ ቁጥር አይነካም። ቢጎድልም ቢተርፍም ግንበኛውም ባለቤቱም አፋቸውን ይይዛሉ። ለዚህ ነው ሰው ከአላማጣ ሳይቀር እሱን ፈልጎ ይመጣ የነበረው።

በትራስ ደግፈን አስቀመጥነው። እኔ አነበብኩ። ሼህ ሁሴን ዱዓ አደረጉ፤ ቤቱ የሰላም ይሁን፣ የገባበት አይፈር አሉ። አሚን አልን። አባዬ ወረቀቱን በግራ እጁ ይዞ ቆየ። አየኝ። ከዚያ በጣቱ ወደ ታች ወደ መሬት ጠቆመ። ደጋግሞ። ብርድ ልብሱ ወድቆ ነበር፤ አንስቼ አለበስኩት። እንደገና ጠቆመ። እማዬ ደክሞታል አለችና አስተኛነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ግንቦት 14

ካሳው ደወለ። ካሳው አባዬ ከአሸዋ ማበጠር ጀምሮ ያስተማረው ግንበኛ ነው፤ የጋ/መ.ኑርን ቤት የያዘው እሱ ነው። ስድሳውን ጨርሻለሁ፣ አሁንም ጥቁር ነው አለኝ። አባ እንድሪስ ይህን መሬት አይተውታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

እግሩን ሳያመው በፊት አይቶታል አልኩ።

ቀጥሎ የተናገረውን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

"ታዲያ ምን አግብቶኝ፣ ዘሐራ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ግን ጠይቂያቸው እስቲ።"

እጠይቃለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። አባዬ ክፍል ገባሁ፤ ተኝቷል። ወጣሁ። መሐንዲሱን ጠየቅኩ፤ ጥቁር ነው፣ ይሰነጠቃል፣ እርጥብ ሲሆን ይጣበቃል አልኩት። ወዲያው ሥራው ይቁም አለ። ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ይቆፈር፣ ወይም አፈሩ ወጥቶ በገረጋንቲ፣ በጠንካራው ጠጠራማ አፈር፣ ይሞላ፣ ድንጋዩ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ልቆጣው ፈለግኩ። በምን አፌ? እውነቱን ስነግረው እውነቱን ነገረኝ። መጀመሪያም ጠይቆኝ ነበር።

ለካሳው ቆፍር አለህ አልኩት። አባዬ እንዳለው አድርጌ።

ግንቦት 17

አንድ ሜትር ከሃያ። ጥቁር።

ግንቦት 19

አንድ ሜትር ከሰባ። ዛሬ ገረጋንቲ ነካ። አልሐምዱሊላህ። አራቱ ቢያጆ ድንጋይ ገብቶ ጉድጓዱን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ጋ/መ.ኑር ለብሎኬት ያስቀመጠውን ገንዘብ ወደ ድንጋይ አዞረ። ምንም አላለም አሉ። ፋቲሃ ተቀርቶበታል፤ እሱም አይናገርም፣ እኛም አንናገርም። ደንቡ የተሠራው እንዳንጣላ ነበር።

ለእማዬ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ስልኩን፣ አፈሩን፣ የተውኩትን መስመር። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ መላጧን አላቆመችም። የአባትሽ ስም ነው ይህን ቤት ያቆመው፤ ነገሩ ከዚህ በር እንዳይወጣ አለችኝ። እሺ አልኳት። እኔ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ?

ግንቦት 29፣ ዓረፋ

ጋ/መ.ኑር ሥጋ ላከልን። ከሸራ ሥር። በላስቲክ ቋጥሮ፣ በባጃጅ፣ ለአባ እንድሪስ ብሎ። አላህ ያሽራቸው የሚል መልእክትም አለው።

እማዬ ቀቅላ መረቁን ለአባዬ ሰጠችው። እኔ አንድ ጉርሻ አነሳሁና መልሼ አኖርኩት። ወጥቼ ግቢ ውስጥ አለቀስኩ። ዒድ ነው፤ ጎረቤት አይቶኝ የደስታ መሰለው።

ሰኔ 3

አሥራ አንደኛው ቢያጆ። መሠረቱ ከመሬት ብቅ ብሎ አለቀ። ብሎኬት የለም፣ ቆርቆሮ የለም። ካሳው ዕቃውን ጭኖ ወደ ሮቢት ሄደ፤ እዚያ ሌላ ሥራ አለው። የጋ/መ.ኑር ቤት ቆንጆ የድንጋይ ልክ ሆኖ ቀረ። ልጆቹ ላዩ ላይ ይሯሯጣሉ አለኝ ካሳው።

ለመሐንዲሱ ጻፍኩለት። ያለ ብሎኬትና ያለ ቆርቆሮ ሰባት ሰው ሐምሌን እንዴት ይወጣል? ስድስት ሐሳብ ዘረዘረልኝ። ጥሩ ጥሩ ሐሳብ። ሁሉም ገንዘብ ያለው ሰው የሚያደርገው ነው። ስልኩን አጠፋሁ።

ሰኔ 5፣ ረፋድ 4፡00

ቶሎ ልጻፈው።

ጋ/መ.ኑር መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። በፎጣው ጫፍ አንድ ጓል ጥቁር አፈር ቋጥሮ አምጥቷል። አባ እንድሪስን ላያቸው ነው አለ። እማዬ ተኝቷል ብትለውም ኩባያው ግድግዳውን መታ። አባዬ ነቅቷል። ሰምቷል።

ገባ። አልጋው ጫፍ ተቀመጠ፤ አፈሩን አባዬ መዳፍ ላይ አኖረው።

"አባ እንድሪስ፣ ልወቅስዎ አልመጣሁም። ይህን መሬት አይተውታል? እሱን ብቻ ይንገሩኝና ልሂድ።"

አባዬ አፈሩን አየ። ጣቱን ኩባያው ውስጥ ነክሮ ውሃ ጠብ አደረገበት። ጭኑ ላይ፣ በአንድ እጁ፣ ያሸው ጀመር። ቀስ እያለ እንደ ክር ወጣለት። ቀለበቱን ለመዝጋት ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሞከረ፣ አቃተው። ወደ እኔ ዘረጋው።

ጣቱ ላይ ጠመጠምኩለት። አልተቆረጠም።

አየኝ፣ ደብተሬ። ከዚያ በዚያው ቀለበት ባለበት ጣቱ ወደ መሬት ጠቆመ። የዚያን ቀን ብርድ ልብስ አልነበረም የፈለገው። መሬቱን አይተሻል ወይ እያለኝ ነበር። በሽማግሌ ፊት፣ ፋቲሃው ሳያልቅ ሊያስቆመኝ ነበር። እኔ አለበስኩት።

ተናገሪ አልኩ ለራሴ። አፌን ከፈትኩ። አባዬ ቀደመኝ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ጋ/መ.ኑር አልገባውም። ደግሞ አደረገ፣ አንገቱን ደፍቶ። አሁን ገባው። ተነስቶ የአባዬን ትከሻ ሳመና አብሽሩ፣ የሰው ልጅ ይሳሳታል፣ ዓይንም ይደክማል ብሎ ወጣ።

አልተናገርኩም። ቆሜ አየሁ። አርባ ዓመት ሙሉ መሬት ሳያይ ያልፈረመ ሰው፣ ዓይኑ ደክሟል ተብሎ ይቅር ሲባል ቆሜ አየሁ።

ያው ቀን፣ ማታ

እማዬ አልቋል ተይው ትላለች። እሱን ሽማግሌና በሽተኛ ነው ብለው ይቅር ይሉታል፤ አንቺን ማን ይምርሻል? ልክ ናት። ከዚህ በኋላ ማን ግምት ያመጣልኛል? የአባዬ መድኃኒትስ?

አባዬ ቀለበቱን አላወለቀም። ደርቋል። ላጥበው ስል እጁን ሰበሰበ።

ሰኔ 6፣ ጁምዓ፣ ጠዋት 3፡00

ወረቀት ጽፌያለሁ። በራሴ አጻጻፍ። ቢስሚላህ፣ ከዚያ ያንን የተውኩትን መስመር፣ ከዚያ ማን እንዳሰላው፣ ማን እንዳላየው። ከታች ዘሐራ እንድሪስ። ፊርማዬ ጠፍቶብኝ ሁለት ጊዜ አበላሸሁት።

ሼህ ሁሴን ቤት እወስደዋለሁ። ፋቲሃ በውሸት ላይ ተቀርቷል፣ አፍርሱት እላቸዋለሁ። ያኔ ጋ/መ.ኑር አፉ ይፈታል፤ ይወቅሰኛል፣ ይከሰኛል፣ እንደፈለገ። አንድ ብሎኬት አይሆንለትም። አውቃለሁ። ከደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል፣ ጎርፉን በዚህ ወረቀት አላቆመውም።

እማዬ ገብቷታል። የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጣለች። አትሂጂ አላለችም። እግሯን ዘርግታ ሩዝ ትለቅማለች። እናትን ተራምዶ የሚወጣ ልጅ የለም፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ አንተ ላይ የምጽፈው። ግማሽ ሰዓት ሆነን። ሩዙ ተለቅሞ አልቋል፤ ከመጀመሪያው ጀምራለች።

አባዬ ኩባያውን መታ። አሁን ነው ያጠጣሁት፣ አሁን ነው ያገላበጥኩት፣ ምንም አይፈልግም። እኔ ልነሳ ስል በመጋረጃው በኩል አየኝና ራሱን ነቀነቀ። አንቺን አይደለም ማለቱ ነው።

ደግሞ መታ። ጠንከር አድርጎ።

እማዬ ሩዙን አስቀመጠች። ተነሳች። መጣሁ፣ መጣሁ እያለች ወደ እሱ ገባች።

በሩ ባዶ ነው። ወረቀቱን ይዤ ልሂድ።