አየር የማይወዱትን ያሳደጉት እህታችን

እህታችን በ1956 ዓ.ም. ከነዳጅ ማከማቻው ዘበኛ ከአባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ከማከማቻው አጥር ሥር በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ።

ትምህርታቸውን በሠፈራችን ጀምረው ሁሌም ከፊት ነበሩ። ገና ተማሪ ሳሉ አንዱ የነዳጅ ጋን አፈሰሰና የጉድጓዳችን ውሃ ነዳጅ ነዳጅ ይሸት ጀመር። እናታችን ከፈላ ምን ይሆናል እያሉ አጠጡን፤ ራሳቸውም ጠጡ። በ1971 ዓ.ም. በደም ካንሰር አረፉ። እህታችን ከዚያ ወዲያ ሐሳባቸው ሁሉ ያ ጉድጓድ ሆነ።

በ1985 ዓ.ም. ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው በምርምር ተቋም ተቀጠሩ። ከመሬት በታች፣ አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ ነዳጅ እየበሉ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ። እህታችን ከጉድጓዳችን ሥር ጭቃ አስወጥተው፣ ኦክሲጅን በማይገባው ጠርሙስ አሽገው አሳደጓቸው። የሚፈልጉት እነዚህ ፍጥረታት ሞለኪውሉ ቀለበት የመሰለውን የነዳጅ መርዝ የሚሰብሩበትን ዘረመል ነበር። እሱ ከታወቀ ውሃውን ማከም ይቻላል ይሉ ነበር። እኛ ዶክተር ጭቃ እያልን ስንቀልድባቸው፣ «ጭቃው ከእናንተ ይሻላል፤ ዝም ይላል» ይሉን ነበር።

በ1987 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጃቸው ዳዴ ብላ፣ ቆማ፣ ተምራ ስትጨርስ ባክቴሪያዎቹ ገና ጠርሙሱን በቅጡ አላደፈረሱም ነበር። ያን ያህል ቀርፋፎች ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. የምርምር ክፍሉ ሲዘጋ ጠርሙሶቹን በካርቶን ይዘው መጥተው ልጃቸው በለቀቀችው መኝታ ክፍል፣ ጨለማ ውስጥ አኖሯቸው። ዘረመሎቹ ተነብበው ነበር፤ የትኛው ሥራውን እንደሚሠራ ለማረጋገጥ ግን ባክቴሪያዎቹ በሕይወት መኖር ነበረባቸው። ሌላ ቤተ ሙከራ ሊቀበላቸው ተስማምቶ ሳለ እህታችን በእናታችን በሽታ ተይዘው ሆስፒታል ገቡ።

ቤት የቀሩት ባለቤታቸው፣ ጋዝ ሞልቶ የጎማ ክዳኖቹ ማበጣቸውን አዩ። ይፈነዳሉ ብለው ፈሩና ሁሉንም ለአፍታ ከፍተው መልሰው ገጠሙ። እኛ የምንተነፍሰው አየር እነሱን ይገድላል፤ አንድም አልተረፈ። ጉድጓዱም ቀደም ሲል በሲሚንቶ ስለተደፈነ ሌላ ጭቃ ማውጣት አልተቻለም።

እህታችን ይህ ሲነገራቸው ባለቤታቸውን፣ «እንኳን ፊትህ ላይ አልፈነዳ» አሏቸው። ስለ ሥራው ዳግመኛ አላነሱም።

ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በስድሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። መርዙ ከመሬት በታች እየሄደ ታችኛው ሠፈር ደርሷል፤ ልጃቸውም እዚያው ነው የምትኖረው። መጽናኛ የሚሆን ነገር ልጨምር ሞክሬ አልሆነልኝም።

ከዚህ የሕይወት ታሪካቸው የጠርሙሱን ነገር ልተወው ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ ይነበብ ያሉኝ ባለቤታቸው ናቸው። እህታችንን ፈጣሪ በሰላም ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸውም እንቅልፍ ይስጣቸው።