ካይቱን ያወረደው ቀንበር

ሰኞ

ሞላሌ ገበያ ሱፍ እየሸጥሁ ሳለ ወንድሜ ተክሌ ደወለ። "ደምሰው ትንሽ አሞታል፣ ነይ" አለኝ። ከመኪና ስወርድ የልጄን የደምሰውን ካይት፣ በገመድ ይዞ በነፋስ የሚያበረውን፣ ከኮረብታው በላይ አየሁት። እህል የምንሸፍንበትን ቢጫ ሸራ ሰፍቶ የሠራው ነው። ደስ አለኝ። ካይቱ ካለ ገመዱን የያዘ አለ ብዬ።

ደጃፌ ላይ ድንኳን ተተክሏል።

ገመዱን የያዘው የወይራ ሥር ነው። ገመዱ የሚጠቀለልበት እንጨት ሥሩ ላይ ተሰንቅሮ ቀርቷል። ልጄን ነፋሱ ጎትቶ ከድንጋይ ካብ ጋር አጋጨው።

ማክሰኞ

ቀበርነው። ነፋሱ ሌሊቱንም አላረፈም፣ ካይቱም። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰው ሁሉ ቀና እያለ ያማትባል። እኔም ፈራሁት። እንደ ትልቅ እንስሳ ይተነፍሳል።

ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞት ነበር። በግም በሬም የምንይዘው እንደዚያ ነው፣ እንዳያመልጥ። ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ተክሌ ማጭድ ይዞ መጣ፤ "ልቁረጠውና እንገላገል።"

"ከታች ቤት አለ፣ መንገድ አለ። የማን ልጅ ላይ ይውደቅ?" አልሁት።

ጎረምሶቹ ነገ በእጃችን እንጎትተዋለን ይላሉ። ሌላ እናት ልታለቅስ ነው።

አንድ ያልጻፍሁት አለ። እሑድ ምሳ ላይ ልጄ "እማ፣ ነፋስ ሲበረታ ማውረጃው ቀንበር ነው" ብሎኝ ነበር። ገመዱን ከዛፍ ያስሩታል። ሁለት ሰው ቀንበሩን ከገመዱ በላይ አድርጎ፣ ግራና ቀኝ ይዞ፣ ወደ ታች እየተጫነ ወደ ካይቱ ይሄዳል። ከከበደ ይለቁታል።

"የአባትህ ቀንበር መጫወቻ አይደለም" አልሁት።

ሳቀ። "በሬ እንጂ ነፋስ አይጠመድም በይኛ" አለ።

ረቡዕ

ሰልስቱ ነው። ሴቶቹ "ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም" እያሉኝ የሟቹን ባሌን ቀንበር ከግድግዳው አወረድሁ። መሃሉ ላይ የበግ ለምድ አሰርሁበት፣ እንጨቱ ገመዱን እንዳይበላው።

ተክሌ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን።

"እጅህ ላይ ምንም እንዳትጠመጥም። ሲከብድህ ልቀቅ።"

"አንቺስ?"

"እኔም እለቃለሁ።"

ገመዱ ይዘምራል። ድምፁ በእንጨቱ አልፎ ደረቴ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ኃይል ነክቼ አላውቅም። ልጄ ይህን ብቻውን ይዞ ነበር።

ሁለት ጊዜ ለቀቅን። ገመዱ ቀንበሩን ወርውሮት ሽቅብ ወጣ። ሁለቴም ከወይራው ሥር እንደገና ጀመርን። በሦስተኛው ካይቱ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ዝቅ አለ፣ ጥላው እኛን አለፈን፣ መሬት ነካ። ጎረምሶቹ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባና፣ ጣሉበትና ተኙበት።

ካይቱ ጸጥ አለ። ነፋሱ ግን አሁንም ይነፍሳል።

ቀንበሩን ወይራው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ካይት የሚያበር ይውሰደው፣ አልከለክልም።

ይህን ያነበባችሁ፣ ልጄን በጸሎት አስቡልኝ። ደምሰው ብላችሁ አይደለም፤ የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው።