ስለ ጉንቮር ግራ እጅና ስለ ሐምሌ ዕረፍት

ለተከበሩ የቬስተርሻር አውራጃ ጤና ቦርድ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ በተለይም ለአሥሩም ጣቶችዎ ደኅንነት ያለኝን ምኞት አቀርባለሁ። በአገራችን ከንጉሡ በቀር ሰው ሁሉ «አንተ» መባባል ከጀመረ ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ እኔ ግን ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት በ«አንተ» ስለማይወጣልኝ የአያቶቼን «እርስዎ» ከሣጥን አውጥቼ አራግፌዋለሁ።

ባለቤቴ ጉንቮር መስማት የተሳናት ናት፤ የምትናገረው በእጆቿ ነው። በሰኔ ለምናከብረው የበጋ አጋማሽ በዓል በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ ያለበትን ጠርሙስ ስትከፍት ተሰብሮ የግራ መዳፏን ቆረጣት፤ የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷም አልታጠፍ አሉ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ቆዳውን አሳምሮ ሰፋና፣ የተበጠሰውን ጅማት የእጅ ቀዶ ሕክምና ክፍል በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲቀጥለው ጽፎ ወደ ከተማው ሆስፒታል ላከን። ከዚያ በኋላ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ቅጻችሁ «የምትጽፊበት እጅ የቱ ነው?» ብሎ ስለጠየቃት አመሰግናለሁ። ጉንቮር ሐሰት አታውቅምና «ቀኝ» ብላ ሞላች፤ በዚሁም ግራ እጇ «መጠበቅ የሚችል» ተባለ። የምትናገሪበትስ የቱ ነው ያላት የለም። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም ይባላል፤ ብቻውን አያወራምም።

ሁለተኛ፦ አገሩ ሁሉ ዕረፍት የሚወጣበትን ሐምሌን ስላከበራችሁ። ስደውል ተራ የምታስይዘው ነርስ ማይ-ብሪት፣ እግዜር ይስጣት፣ አልዋሸችኝም። «አይዞህ ሄልጌ፣ ቀኟ ደህና አይደል? ደግሞ አሁን ማን አለ ብለህ ነው? ሐኪሞቹ እኮ በየደሴታቸው ጎጆ ገብተዋል» አለችኝ። «ጅማቱም አብሯቸው ዕረፍት ወጥቷል በይኛ!» ብላት፣ «ኧረ በናትህ አትጩህብኝ፣ ዕረፍቱን ያወጅኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። እኔም አርባ ዓመት በእንጨት መሰንጠቂያው ስሠራ፣ ሐምሌ በገባ ቁጥር ማሽኔን ዘግቼ ወደ ጎጆዬ ስሄድ ማን ይጠብቃል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እንጨት ግን ይጠብቃል።

ቀጣዩን ምስጋና ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጥሪያችሁ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ደረሰን፤ ቀዶ ሐኪሟም ጅማቱን ሸሽቶና ተኮማትሮ አገኘችው። ከክንዷ ሌላ ጅማት ወስዶ በሁለት ዙር ቀዶ ሕክምና መተካት እንደሚቻል ብትጽፍላችሁም፣ ቦርድዎ ጉንቮር ልብሷን እንደምትቆልፍና ዳቦዋን ቅቤ እንደምትቀባ አረጋግጦ «አስፈላጊ አይደለም» ሲል ወሰነ። ይግባኝ ካላት ከጠዋቱ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በስልክ ብቻ እንድታቀርብም ይህችኑ መስማት የማትችል ሴት በትሕትና አሳሰባችሁ።

አሁን ስትናገር ምግብ ጎርሶ እንደሚያወራ ሰው ሆናለች። ሐሙስ ሐሙስ መስማት ከተሳናቸው የማኅበሯ ጓደኞች ጋር የምታደርገውን ጨዋታ ትታለች፤ «ድገሚልን» ሲሏት ታፍራለችና። ንግግሯን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰች ነው። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ። ስለዚህ ወደ ሥራዎ ሲመለሱ፣ ዕረፍትዎ በማይነካበት ሰዓት፣ ውሳኔውን አንድ ጊዜ መልሰው ያዩልኝ ዘንድ እለምናለሁ።

ለቦርድዎ ያለኝ አክብሮት ሳይበጠስ እንዳለ በማረጋገጥ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ታዛዥዎ ሄልጌ ሩንድማርክ

ማሳሰቢያ፦ ጉንቮር በራሷ አንደበት ለእርስዎ የምትለው ነበራት። ሦስት ጊዜ ነገረችኝ፤ ሦስቴም አልገባኝም። ወረቀትና እስክርቢቶ ባቀርብላት ገፋ አድርጋው እጆቿን ጠረጴዛው ሥር አስገባች። በሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳራችን ሚስቴን «ጻፊልኝ» ስላት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።