ስምሽ ያልተጻፈበት አባሪ

እማዬ፣ ጥሩዬ፣

ከተለየሽኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ረስቼሽ አይደለም። የማወራሽ ነገር ሲኖረኝ እንደ ልማዴ ወደ ጓዳ ዞር እልና «እማዬ» ብዬ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ። አሁን ግን ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር ገጠመኝ። ላንቺ ካልነገርኩሽ ለማንም የነገርኩት አይመስለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ጣሪያው ተቀይሯል። የጓሳው ሣር በስብሶ ሁለት ክረምት አፈሰሰብኝ፤ ደህና አድርጎ የሚከድን ሰው ሳፈላልግ ሁሉም «ቆርቆሮ አድርጊበት» አለኝ፤ አደረግኩበት። ዝናብ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ መነጋገር አይቻልም ይላሉ ጎረቤቶቹ። እኔን አልቸገረኝም፤ ከማን ጋር እነጋገራለሁ? ከሁለቱ በጎችሽ አንዷ ሞተች፤ ሌላዋ ትምህርት ቤት ስውል ብቻዋን ስትጮህ ትውል ስለነበር ለጎረቤት ሰጠኋት። ሞባይል ገብቷል። እዚህ ቀየት ከተማ ላይ የሚሰማው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ሲወጡ ነው። አንዳንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያ እወጣና ስልኩን እጄ ላይ ይዤ የምደውልለት ሰው አጣለሁ።

አሁንም ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ክረምት ክረምት ደግሞ አዲስ አበባ እየሄድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን ተማርኩ። የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ውርጭና ስለ መንዝ ገብስ ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ያሉትን መጻሕፍትና መጽሔቶች አገላብጬ ባዶ እጄን ስመለስ አማካሪዬ ፈገግ አሉ። «የመንዝ ውርጭ መጽሔት ላይ አይገኝም። ያልታተመውን ፈልጊ» አሉኝ።

በሙያው ግራጫ ጽሑፍ ይሉታል፤ ስሙ መጀመሪያ አሳቀኝ። የመሥሪያ ቤት ሪፖርት፣ የፕሮጀክት ግምገማ፣ ተማሪ ለመመረቂያ ጽፎት መደርደሪያ ላይ የቀረ፣ ለስብሰባ ተዘጋጅቶ አንዴ ተነቦ የተረሳ ወረቀት ማለት ነው። ተጽፏል፤ ግን መጻሕፍት መደብር አልገባም፣ መጽሔት ላይም አልወጣም። እንዴት እንደሚፈለግም አሳዩኝ። የሌሎች ጥናት መጨረሻ ላይ ያለውን የዋቢ ዝርዝር ታነቢያለሽ፤ «ያልታተመ» ከሚለው ሥር ታሰምሪያለሽ፤ ማን አሠራው፣ ለማን ተላከ ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሸኚ ደብዳቤውን ታገኚና ግርጌው ላይ «ግልባጭ» የሚለውን ትከተያለሽ። የታተመ መጽሐፍ አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ፤ ይህ ግን ያለው ሦስት አራት ቅጂ ነው፤ የት የት እንደሄደ የሚያውቀው ግልባጩ ብቻ ነው አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። ድሮ የተመረቀ የአንድ ተማሪ ጥናት ዋቢ ዝርዝር ውስጥ ስለ ውርጭና ስለ ገብስ ምርት በመንዝ ደጋ የተሠራ ጥናት አገኘሁ። ከሥሩ «ያልታተመ፣ ቀየት» ይላል። የራሴ ከተማ! ጸሐፊው ግርማ የሚባሉ የሰብል ባለሙያ ናቸው። አዲስ አበባ ጥናቱን ወዳሠራው ፕሮጀክት ቢሮ ብሄድ፣ ፕሮጀክቱ ከተዘጋ ዓመታት አልፈውታል፤ ዘበኛው ባዶ ክፍሎች አሳየኝ። ደብረ ብርሃን ከዞኑ ግብርና ቢሮ ሸኚ ደብዳቤው ተገኘ፤ ጥናቱን ግን አንድ ሰው ተውሶ አልመለሰውም። ደብዳቤው ግርጌ ሁለት ግልባጭ አለ፤ አንዱ ዓለም ከተማ ለነበረው የፕሮጀክቱ ቅርንጫፍ፣ ሌላው «ለፋይል፣ ቀየት»።

ወደ ቀየት አልመጣሁም። አንቺ ታይፕ ትመቺበት የነበረው የግብርና መሥሪያ ቤት የለውጥ ሥራ ሲገባበት የድሮው ወረቀት ሁሉ ተጣለ ሲባል ሰምቻለሁ ብዬ ለአማካሪዬ ነገርኳቸው። እውነቱን ላንቺ ልንገርሽ፤ ከቀብርሽ በኋላ ያን ግቢ ረግጬው አላውቅም። መስኮቱን እንዳላይ ገበያ ስሄድ እንኳ በላይኛው መንገድ ነው የምዞረው። ስለዚህ ቤቴ ደጃፍ ያለውን ትቼ ዓለም ከተማ ሄድኩ።

አውቶቡሱ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ የፍሬኑ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጥ ነበር። ዓለም ከተማ የቅርንጫፉን ቁልፍ የያዙት ሰው ቁም ሳጥን ከፈቱልኝና ጥናቱን አቧራውን አራግፈው ሰጡኝ። እዚያው ቆሜ ገለጥኩት። እማዬ፣ የመጀመሪያውን ገጽ ሳነብ «ሰ» የምትለው ፊደል ከመስመሩ ከፍ ብላ ቆማለች። ያን ታይፕራይተር አውቀዋለሁ። ግርጌውን አየሁ፤ የጸሐፊውና የታይፒስቷ ስም መነሻ ፊደል «ግ.አ./ጥ.ወ.» ይላል። ጥናቱን የመታሽው አንቺ ነሽ። አጠገቤ ያለ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ሰውየው ያመመኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

ማውጫው መጨረሻ ላይ «አባሪ ሁለት፦ የውርጭ ዓመታት በሴቶች አንደበት» ይላል። ለጥናቴ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነበር። ወደ መጨረሻው ስገልጥ ግን አባሪው የለም። አይጥ በልታው የወረቀቱ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል።

ስለዚህ አቶ ግርማን ፈለግኩ። ጡረታ ወጥተው ደብረ ብርሃን ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል። ያንቺ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ከወንበራቸው ተነሱ።

«አባሪውን እኔ አልሠራሁትም» አሉኝ። «እናትሽ ናት የሠራችው። እኔ ሦስት ወር አባወራ ብቻ ስጠይቅ ከረምኩ። ውርጭ መቼ ወረደ ስላቸው ሁልጊዜ ይወርዳል ይሉኛል። ያንኑ ጽፌ እንድትመታልኝ ሰጠኋት። በማግስቱ ሳትመታው መለሰችልኝ። ጋሽ ግርማ፣ ይሄ ልክ አይደለም፣ ሴቶቹን አልጠየቁም አለችኝ።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ በየሴቶቹ ቤት እየዞርሽ መጻፍሽን ነገሩኝ። እኔ ቅዳሜ የምታመሺው ዕድር ቤት ይመስለኝ ነበር።

«ታዲያ ስሟን ለምን አልጻፉትም?» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ አፈርኩ።

ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ታይፒስት የሠራችው ነው ብል ጥናቱን የሚቀበለኝ ያለ አልመሰለኝም፤ ፈራሁ። እሷም አንድ ቀን ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።»

እማዬ፣ እሳቸውን ልቆጣ አልቻልኩም፤ እኔ የባሰ ሠርቻለሁና። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሆኜ ለፈተና ሳጠና አንድ ቀን ከሥራ ገብተሽ፣ ነጠላሽን እንኳ ሳታወርጂ «ዛሬ የጻፍኩት ነገር አለቀ» አልሽኝ። እኔ ቀና ሳልል «ጻፍሽው ወይስ መታሽው?» አልኩሽ። ሳቅሽና ወደ ጓዳ ገባሽ። ምን እንደጻፍሽ አልጠየቅኩሽም፤ አንቺም ደግመሽ አላነሳሽው። ሌላም አለ። ከተዝካርሽ በኋላ ቤቱን ሳጸዳ አልጋሽ ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት አገኘሁ። በእጅሽ የተጻፈ ነበር። ማንበብ አልቻልኩም፤ ፊደልሽን ሳይ ዓይኔ ይሞላል። አውጥቼ ለባለ ሱቋ መጠቅለያ ሰጠኋት። የመንዝ ሰው በአንቺ ጽሑፍ ስኳርና ጨው እየጠቀለለ ወሰደ። ይህን ለአቶ ግርማ ስነግራቸው እጄን ያዙኝና «የፋይሉ ቅጂስ? ቀየት ያለውን ጠይቀሻል?» አሉኝ። አልጠየቅኩም።

ሰኞ ዕለት ግቢሽ ገባሁ። የአንቺ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ከአንቺ ጋር የነበረችው አስካለ አሁንም መዝገብ ቤት ናት። ስታየኝ አንገቴን አቅፋ «የጥሩ ልጅ! ሦስት ዓመት ስትቀሪብን የተቀየምሽን መስሎኝ ነበር» አለች። የመጣሁበትን ነገርኳት። የድሮ ፋይል ይወገድ ሲባል መኪና መጥቶ እንደጫነ እሷም መሰከረች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናትሽ ያሰረቻቸውን ግን አልሰጠኋቸውም። እጇ ያለበትን መጣል ከበደኝ» አለችኝ። እኔን የቀለለኝ እሷን ከብዷት ነበር። ተከተልኳት።

ማዳበሪያና መሣሪያ ከሚቀመጥበት መጋዘን ጀርባ፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተደርድሯል። ሁለት ቀን ፈለግን። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አስካለ «ይኸው» አለች። ዳሩ እርጥበት ነክቶታል፤ አባሪው ግን ከነሙሉ ገጹ አለ።

ሰባት ሴቶች ናቸው። ዓመቱን በቁጥር አይናገሩም። አንዷ «ትልቋ ልጄ ክርስትና በተነሳችበት ዓመት፣ ኅዳር ሚካኤል ማግስት» ትላለች። ሌላዋ «አዲሱ ጉልላት በተሰቀለ ዓመት፣ ገብሱ ሊያሸት ሲል» ትላለች። አንቺ ደግሞ የእያንዳንዷን ልጅ ዕድሜ ጠይቀሽ ዓመተ ምሕረቱን ከጎኑ አስቀምጠሻል። ሁሉም አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ውርጩ ቀድሞ የሚመታው ከወንዙ ዳር ያለውን ዝቅ ያለ ማሳ ነው፣ ተረተሩ ላይ ያለው ይተርፋል። አቶ ግርማ ግን ዋናው ጥናት ላይ ውርጭ ቀበሌውን በሙሉ እኩል ይመታል ብለው ነበር።

የመጨረሻዋ ሴት ስም የላትም። «ባሏ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰ፣ አንዲት ሴት ልጅ ያላት፣ የቀየት ነዋሪ» ይላል። እንዲህ ብላለች፦ «ያን ዓመት ከጎተራ የቀረው ዘሩ ብቻ ነበር። እንብላው ወይስ እንዝራው የምለው ሰው ስላልነበረኝ ሦስት ቀን ብቻዬን ሳስብ ከረምኩ። ዘራሁት። ልጄን መሥሪያ ቤት በልቼ መጥቻለሁ እያልኩ የነበረውን ለእሷ ሰጠሁ።»

እንደዚህ እያልሽ ስትመጪ ትዝ ይለኛል። መሥሪያ ቤትሽ ምን ጥሩ ምግብ ቢኖር ነው እል ነበር። ሰባተኛዋ ሴት አንቺ ነሽ። ብቻሽን እንደነበርሽ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አልነገርሽኝም፤ ለታይፕራይተሩ ነው የነገርሽው። መጋዘኑ ውስጥ አስካለን ይዤ አለቀስኩ።

አማካሪዬ ያልታተመ ጽሑፍ ስለተገኘ ብቻ አይታመንም ይላሉ። ማን ጻፈው፣ ለማን ብሎ ጻፈው፣ ሌላ ምስክር አለው ወይ ብለሽ መጠየቅ አለብሽ ይላሉ፤ የእናቴ ስለሆነ ደግሞ አብልጬ መጠየቅ ነበረብኝ። ከሰባቱ ዛሬ በሕይወት ያሉት እማማ ዘነበች ብቻ ናቸው። ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና «እናትሽም ጽፋ ስትጨርስ መጥታ አንብባልኛለች። እንዲህ ነው ያሉት አይደል እያለች» አሉ። ኅዳር ላይ ማለዳ ተነስቼ ማሳውንም አየሁት። ወንዙ ዳር ያለው ገብስ ነጭ ሆኖ ተኝቷል፤ ተረተሩ ላይ ያለው እንደቆመ ነው።

አቶ ግርማ አባሪውን የሠራሽው አንቺ መሆንሽን በእጃቸው ጽፈው ፈረሙልኝ። «ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም» አሉ። በዚያ ወረቀት መሠረት ዋቢ ዝርዝሬ ውስጥ ስምሽን ከነአባትሽ ስም አስገባሁት። ከፊደል ተራው የተነሳ ከሁለት ትልልቅ ምሁራን መሐል ነው የወደቅሽው። ጥናቴን ሳቀርብ ከፈታኞቹ አንዱ ጣታቸውን ስምሽ ላይ አድርገው «ይህች ተመራማሪ አሁን የት ትሠራለች?» ብለው ጠየቁኝ። አርፋለች አልኳቸው። ልጇ መሆኔን አማካሪዬ ተናገሩልኝ።

አለፍኩ፣ እማዬ። በማግስቱ በአውቶቡስ ቀየት ገባሁ፤ ቁልፉን ከፍቼ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቤቱ መሐል ቆምኩ። እንዴት ሆነልሽ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም። ቁጭ ብዬ እንደገና ተነሳሁ። ጉብታው ላይ ልወጣ አሰብኩና ለማን እደውላለሁ ብዬ ተውኩት። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ያኔ ነው።

የኔም ጥናት እንግዲህ ያልታተመ ነው፤ ከግራጫዎቹ ተቀላቅሏል። አንድ ቅጂ ለአስካለ፣ አንድ ለትምህርት ቤታችን፣ አንድ ደብረ ብርሃን፣ አንድ ዓለም ከተማ አስቀምጫለሁ፤ አባሪሽ በሁሉም ውስጥ አለ። ከእኔ በኋላ የሚፈልግ ሰው እንደኔ አይንከራተትም።

የማስታውስሽ ግን በዚህ ብቻ አይደለም። እማማ ዘነበችና ሌሎች ስድስት ሴቶች ቃል ገብተውልኛል፤ አንቺ ካቆምሽበት ጀምረን ዓመቶቹን እየጻፍን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያ መልስ እሄዳለሁ። ዕድሜዬ እስከፈቀደ አላቋርጠውም። የአንቺን ዓመት ስንደርስ እማማ ዘነበች «እሱን አንቺው ተናገሪ» አሉኝ፤ ሴቶቹም ጠበቁኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦ «ጥሩወርቅ ባረፈችበት ዓመት ውርጭ አልወረደም። ገብሱ ከዳር እስከ ዳር ቆሞ ነበር።»

ልጅሽ