የሰፈራችን ቲያትር እናት፣ የእትዬ መጋረጃ የሕይወት ታሪክ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እትዬ መጋረጃ» እያለ የሚጠራቸው እህታችን በ1946 ዓ.ም. ከአናጢው አባታቸውና ከአዋላጅ ነርሷ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ፤ ይህን የምጽፈው እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። በመሐላችን የነበሩት ሁለት ወንድሞቻችን በሞት ቀድመዋቸዋል።

ገና በልጅነታቸው የእናታችንን አንሶላ በገመድ ሰቅለው ያጫውቱን ነበር። ታላቁ ወንድማችን ዳኛ፣ ታናሹ ሌባ፣ እኔ ደግሞ ዛፍ እሆናለሁ። በሳቅኩ ቁጥር «ዛፍ አይስቅም!» እያሉ ይቆነጥጡኝ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ሰፈር አጠናቀው፣ በ1966 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ። ከዚያም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቋንቋ መምህርት ሆነው አገልግለዋል። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መብራት ሲበላሽ ሊጠግኑ ከመጡት ኤሌክትሪሻን ጋር ተዋውቀው በ1971 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው መብራቱን ሠርተው ከጨረሱ በኋላም ሰበብ እየፈለጉ ይመላለሱ እንደነበር እስከ ዛሬ ይወራል። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1985 ዓ.ም. ባዶውን የዱቄት መጋዘን ለምነው ተረከቡና የሰፈሩን ቲያትር አቋቋሙ። የመጀመሪያው ቀን መጋረጃው ግማሽ መንገድ ላይ አልከፈት ብሎ ተያዘ። እሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ጨርቁን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ስሙም በዚያው ወጣላቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዲስ የቲያትር ወቅት ይከፍቱ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ የመድኃኒት ቤቷ ልጅ በመድረኩ ላይ ይተውናሉ፤ በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ የነዋሪው ሥዕል ይሰቀላል። ባለቤታቸው በሞት ሲለዩዋቸውም መብራቱን ራሳቸው ማብራት ተማሩ እንጂ አንድም ወቅት አላቋረጡም።

ለዘንድሮው ወቅት ሦስት ቲያትሮችና አንድ የሥዕል ትርኢት አሰናድተው ነበር። መክፈቻው የራሳቸው ድርሰት ነው። የጠፋች ሴት ልጁን ለዓመታት ሲጠብቅ የኖረ አባት፣ በመጨረሻ በሩ ሲንኳኳ የሚሆነውን የሚያሳይ ነው። በዚያ ትዕይንት አንድም ቃል አይነገርም። አባቱን የሚጫወተው ፀጉር አስተካካይ ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «እሱን በወረቀት አልጽፈውም፤ ስንደርስበት አሳይሃለሁ» ብለውት ነበር።

እዚያ ሳይደርሱ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ከንግግራቸውም አንዲት ቃል ብቻ ተረፈች፦ «ገና»። ሐኪሙ ሁሉም ነገር እንደሚገባቸው፣ ቃሉ ግን እንደማይወጣላቸው ነገረን። ውሃ ሲጠማቸው «ገና»፣ ሲያማቸው «ገና»፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሲያዩም «ገና» ነበር።

ወንድ ልጃቸው በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ወደ ልምምዱ ወሰዳቸው። ፀጉር አስተካካዩ መጨረሻውን ተጫወተላቸው።

«እትዬ፣ ፈጠን ብዬ ልነሳ?»

«ገና።»

«ቀስ ልበል?»

«ገና።»

«በሩን ልጅቷ ራሷ ትክፈተው?»

ግራ እጃቸው ከፍ አለ። እጁ ተመልሶ ጭናቸው ላይ ወደቀና እንባቸው ወረደ። ሰውየው እግራቸው ሥር ተንበርክኮ፣ «እትዬ፣ በሞቴ፣ በዐይንዎ እንኳ ያሳዩኝ» እያለ ለመናቸው።

ልጃቸው «እማዬ፣ ወደ ቤት እንሂድ?» ሲላቸው «ገና» አሉት። ይህችን እንኳ ተረዳናቸው ብለን ደስ ብሎን ቆየን። በኋላ እጃቸውን ስነካው በረዶ ሆኗል፤ ለካስ ብርድ ይዟቸው እየተንቀጠቀጡ ኖሯል።

ያላደረግነው የለም። ፊደል በሰሌዳ ጽፈን አቀረብንላቸው። ሠዓሊዎቹ በሩን፣ ወንበሩን፣ መብራቱን እየሣሉ አሳዩአቸው። አንድ በአንድ እያዩ በግራ እጃቸው ገፉት። የምንይዘው የምንጨብጠው ጠፋን።

የመክፈቻው ቅዳሜ ጠዋት ሕመሙ ጸናባቸውና ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ ከእንግዲህ አጠገባቸው ከመቀመጥ በቀር የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነገረን። ፀጉር አስተካካዩ ደውሎ «ሰው እየገባ ነው፤ እንተወው ወይስ እንክፈተው?» አለ። ሴት ልጃቸው ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብላ «እማዬ፣ ይከፈት?» ብላ ጠየቀቻቸው። ያቺን አንዲት ቃል እንኳ አላሉም። ኋላ ልጅቷ ስልኩን አንስታ «ክፈቱት» አለች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር አሉ። በሩ ሲንኳኳ ፀጉር አስተካካዩ ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ተነስቶ፣ መቆምም መቀመጥም አቅቶት በዚያው ደርቆ ቀረ። ተመልካቹ ድርሰቱ እንደዚያ መስሎት ቆሞ አጨበጨበ። እህታችን በዚያው ከሰዓት፣ መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አንድ እጃቸውን ሴት ልጃቸው፣ ሌላውን እኔ እንደያዝን፣ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ሁለት ልጆቻቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እኔ እህታቸው፣ ተማሪዎቻቸውና የመጋዘኑ ተዋንያን ከኋላቸው ቀርተናል። የጀመሩት ወቅት ይቀጥላል። ፀጉር አስተካካዩ በመጪው ቅዳሜም ከዚያ ወንበር መነሳት አለበት፤ እንዴት እንደሚነሳ ግን ዛሬም አያውቅም፣ የሚነግረውም የለም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። እኛ አጠገባቸው ተቀምጠን ልንሰማ ያልቻልነውን፣ እሱ ይስማቸው።