በእማዬ ቦታ ለምትቀመጪው እህቴ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለማሬ፤

እንደምን ከርመሻል እታለም? ባለቤትሽ ተሻገርስ ወገቡን ተሻለው? ልጃችን ሕይወት ትምህርቷ እንዴት ነው? ከሁሉ በላይ እማዬ እንዴት ናት፣ ጉልበቷ ቅዝቃዜውን ቻለው ወይ? ገብሱስ ታጨደ ወይስ ዝናቡ አሁንም አለቅ ብሏችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ስለሆነ ተውሁት።

በስልክ እንዳናወራ የንፋስ መውጫ ኔትወርክ ወሬያችንን ከመሀል እየቆረጠ ያናድደኛል። ስለዚህ ይህን በወረቀት ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በሕይወት ስልክ እልከዋለሁ። እሷ ታንብብልሽ፣ ግን እማዬ በሌለችበት።

ባለፈው አበባ ከተንጠለጠለበት ሰገነት ሥር የተነሣሁትን ፎቶ አይተሽ፣ አንቺስ ገነት ገብተሽ የለ፣ ቀናሁብሽ ብለሽ ላክሽብኝ። በዚያው መልእክት ጫፍ ላይ ደግሞ እማዬ ጉልበቷ ስለከዳት የማርያምን ማኅበር ለአንቺ እንደለቀቀችልሽ፣ ለኅዳር ጽዮን በቦታዋ እንደምትገቢ እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረግሽው። እንግዲያውስ ማን በማን እንደሚቀና ልንገርሽ።

ፎቶውን የተነሣሁባት ካርታሄና ኮሎምቢያ በሚባል አገር ያለች የጥንት የወደብ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የድንጋይ ግንብ ነው። መርከባችን ዛሬ ጧት እንደገና እዚህች ከተማ ደረሰችና እንግዶቹ ከተማውን ሊያዩ ሲወርዱ፣ እኔም ክፍል ከማጽዳትና አልጋ ከማንጠፍ ለአንድ ቀን ተገላግዬ አብሬ እንድሄድ ታዘዝሁ። ሥራዬ ቁጥር የተጻፈበት ዘንግ ይዤ ከኋላ መከተል፣ ሰው እንዳይቀር መጠበቅ ነው።

ከእንግዶቹ መካከል ሁለት አሮጊት እህትማማቾች ነበሩ። ታላቂቱ ቀድማ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ሌላ ሰው እንዳይዝባት ነው እንጂ ቦታው የታናሿ ነው፤ ታናሺቱ እያዘገመች ስትደርስ ብድግ ብላ ለቀቀችላት። ከዚያ መንገዱን ሙሉ ተጨቃጨቁ። መስኮቱን ክፈቺው፣ ዝጊው፣ ውኃ ጠጪ፣ አልጠጣም። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ ግንቡንም ባሕሩንም ትቼ እነሱን አይ ነበር። እንዴት ቀናሁባቸው መሰለሽ! እኔና አንቺ መቼ ነው እንዲያ የምንጨቃጨቀው?

አስጎብኚው ከአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አደረሰንና እያወራ ገባ፤ እንግዶቹም ተከተሉት። እኔ ሳላስበው ጫማዬን አውልቄ፣ ደጁን ስሜ ገባሁ። የኛ ሃይማኖት ቤት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አባ ወልደ ሰንበት እንዳይሰሙብኝ። ግን ከጥጉ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ያለችበት ሥዕል ነበረ። ዘንጉን ግድግዳ አስደግፌ፣ “እመ ብርሃን፣ ቦታዬን አታስወስጂብኝ” ብዬ አለቀስሁ። ቀና ስል ከሰዎቼ አንድም የለም። ስወጣ ጫማዬም የለም። ለካ በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ የሚያወልቅ የለም፤ ደጁ ላይ የነበረው የኔ ብቻ ነው።

ሰው እንዳይጠፋ የተላክሁት እኔው ጠፋሁልሽ። ድንጋዩ በዚያ ፀሐይ እግር ይለበልባል። በባዶ እግሬ ዘንጉን ወደ ላይ ይዤ ስሮጥ፣ ፍራፍሬ በራሳቸው የተሸከሙ ሴቶች ቆመው ሳቁብኝ። አደባባዩ ላይ ሳገኛቸው ታናሺቱ አሮጊት ጫማዬን አንጠልጥላ፣ የማን ነው እያለች ሰዉን ሁሉ ትጠይቃለች። የተረሳ መስሏት ነው ያነሣችው። የኔ ነው ስላት ደነገጠች። ለምን እንዳወለቅሁት ሳስረዳት ታላቂቱ ጎንበስ ብላ ጫማውን ከእግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ። አንድ ሐብሐብ ተካፍለው ይበሉ ነበርና ለእኔም ሰጡኝ። አልጣመኝም።

አሁን ወደ ነገሬ። ማሬ፣ ልጅ ሆኜ የማኅበሩን ዳቦ ተሸክሜ ከእማዬ ኋላ የምሄደው እኔ ነበርሁ። አንቺ ዳገቱ ያደክመኛል እያልሽ ትቀሪ ነበር። ከማኅበሩ ቤት ምሰሶ ሥር ከጎኗ አስቀምጣኝ፣ “ጉልበቴ የከዳኝ ቀን ይቺ ቦታ ያንቺ ናት፣ ሰርክዬ” ስትለኝ የማኅበር እህቷ ፍቅርተ ሰምታለች፤ ጠይቂያት። አንቺ እማዬን ጧት ማታ ታያታለሽ። ስትመርቅ እጇ የሚያርፈው ባንቺ ራስ ላይ ነው። አሁን ቦታዋንም ጨመርሽ? ቅናት አንጀቴን እየበላው ነው። የሰው አልጋ ሳነጥፍ እንኳ አንቺ ከምሰሶው ሥር ሆነሽ ጽዋ ስትቀበዪ ይታየኛል። ሰው በገዛ እህቱ ይቀናል ወይ ብትዪኝ፣ አዎ፣ እኔ ቀንቻለሁ።

ቦታው ባዶውን ይቆየኝ እንዳልልሽ፣ ሌላ ሰው እንደሚገባበት አውቃለሁ። ወረቀቱን ስጀምር እንዳትገቢ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ያቺ አሮጊት ከመስኮቱ ሥር ብድግ ስትል ዓይኔ ላይ እየመጣች ከለከለችኝ። እንግዲህ ግቢ፣ ተቀመጪበት። ፋሲካን አሳልፌ ስመጣ ግን ብድግ ትዪልኛለሽ። ይህን በፍቅርተ ፊት ቃል ግቢልኝ።

ለተሻገር ሰላም በዪልኝ፤ ከባድ ነገር አይሸከም። ሕይወትን ሳሚልኝ፤ የአክስቷን ጉድ ለጎረቤት እንዳታወራ። የአባ ወልደ ሰንበትን መስቀል ተሳለሚልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፣ ሁለቱንም።

ደግሞ የድሮዋ ኮንጎ ጫማዬ ከቆጡ ላይ አለች። ለኅዳር ጽዮን ይዘሻት ሂጂና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከጫማሽ አጠገብ አስቀምጫት። የማን ናት ብለው ከጠየቁሽ፣ መንገድ ላይ ያለችው የሰርካለም ናት በያቸው።

እህትሽ ሰርካለም
ካርታሄና ወደብ፣ መርከብ ላይ
ጥቅምት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.